ቅዳሜ ማታ ፒያሳ የነበራችሁ፣ በጨለማ ያንን ግጥም የሰጠው ማን ነው?

ቁስቋም ሰፈር | እሑድ፣ ጠዋት 4:10

ሰላም የሀገሬ ልጆች። እንቅልፍ ሳልጠግብ ነው የምጽፈው፣ የተዛነፈ ነገር ካለ እለፉኝ።

ትናንት ማታ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት አዳራሽ ውስጥ፣ የራሳቸውን ዘፈን ብቻ የሚጫወቱ ልጆች ዝግጅት ነበራቸው። ወሬውን የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው። «አጎቴ፣ ከቨር የለም፣ ሁሉም የራሳቸው ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ጥር ከገባ ጀምሮ በየሠርጉ ያንኑ ዘፈን ሰምቼ ጆሮዬ ደንዝዟል። መግቢያው 200 ብር፣ ከአንድ ለስላሳ ጋር። ምን ይቀርብኛል ብዬ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ወረቀቱ 12 ሰዓት ይላል። የተጀመረው 1:15 ነው። እሱን እንተወው። ቤቷ 70 ሰው ብትይዝ ነው። ወንበሩ ግማሹ ፕላስቲክ፣ ግማሹ ከታች ካለው ካፌ የወጣ። ፊት ለፊት ድራም፣ ከድራሙ ጎን የቆዳ ከበሮ። ጊታር፣ ቤዝ፣ አንዲት ዘፋኝ፣ እና ማሲንቆ የያዘ ቀጭን ልጅ። ከድራመሩ ጋር አምስት ናቸው።

ማሲንቆውን ልብ ብዬ አየሁት። ቆዳው ላይ ሳንቲም የምታህል ነገር በፕላስተር ተለጥፋለች። ከእሷ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ወደ ሚክሰሩ ይሄዳል። ልጁ ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ በጨርቅ የተቋጠረ እጣን አውጥቶ የደጋኑን ጭራ አሸት አሸት አደረገው። አባቴ ቤት ለክርስትና ይመጡ የነበሩት አዝማሪም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ጨርቋ ራሱ ያችው ነበር የመሰለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች አልገቡኝም። ዜማቸው ደስ ይላል፤ ግን ዘፋኟ ምን እንደምትል አንድ ቃል አይሰማም። ድራሙ ይደበድባል። ስፒከሩ በየመሀሉ ያፏጫል። ከኋላዬ ያሉ ጎረምሶች «የታወቀ! የታወቀ ዝፈኑልን!» እያሉ ይጮሃሉ። ቤዝ ተጫዋቹ ማይኩን ተቀብሎ «የታወቀውን ነገ ሠርግ ላይ እንጫወትላችኋለን፣ የተጠራችሁ ከሆነ» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አምስተኛው ላይ መብራት ሄደ።

ድርግም። ጊታሩ ጸጥ፣ ቤዙ ጸጥ፣ ማይኩ ጸጥ። ድራመሩ ሳያስበው ሁለት ሦስቴ መታና እሱም ቆመ። ጄኔሬተር አለ ተብሎ ነበር፤ ነዳጅ የለውም ተባለ። ሰው ስልኩን እያበራ በሩን ማየት ጀመረ። ጃኬቱን የለበሰም አለ። በዚህ መሀል ማሲንቆው ተሰማ። ቀስ ብሎ። ልጁ ሽቦዋን ነቅሎ ከወንበሮቹ መካከል መጥቶ ቆሟል። ፊቱ አይታይም። ከዚያ እንዲህ አለ፦

መብራት ሄደ ብለው ሰዎች ተንጫጩብኝ፣
እኔ ካንቺ ወዲህ ከቶ መች በራልኝ።

ቤቱ አበደ። «ይበል! ይበል!» አንድ ሽማግሌ በስልክ መብራት ግንባሩን ፈልገው 100 ብር ለጠፉለት። ድራመሩ ዱላውን ጥሎ ከበሮዋን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ዘፋኟም ቅድም ሁለተኛ ላይ የተጫወቱትን ዘፈን እንደገና ያዘችው። ግጥሙን ያኔ ነው የሰማሁት። ለካ ስለ አንዲት እናት ነው። ልጇ ድንገት ቢደውል ብላ ስልኩን ትራሷ ሥር አድርጋ የምትተኛ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ፈርታ ራሷ የማትደውል። ቅድም በስፒከር ስሰማው የፍቅር ዘፈን መስሎኝ እግሬን ስወዘውዝ ነበር።

ከዚያ ከበሩ በኩል አንድ ሻካራ ድምፅ «ተቀበል!» አለ። ማሲንቆው «ምን ልበል?» አለ። ሰውዬው፦

ጊታሩ ዝም አለ ገመዱ ተነቅሎ፣
ማሲንቆ ግን መጣ ፈረሱን አስከትሎ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም። እስክስታ የማይችለውም ወረደ። እኔን ጨምሮ።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየን። መብራቱ ሲመጣ ሰዉ «አጥፉት!» ብሎ ጮኸ። በዕድሜዬ መብራት መጣ ተብሎ ሰው ሲናደድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥያቄዬ፦ ግጥሙን ከበሩ የሰጠው ማን ነው? ዞሬ ሳይ የለም። ሌላው ለልጆቹ ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። ድምፁን ቀንሱት። ጎንደሬ ግጥሙን ካልያዘ ዘፈን ሰማሁ አይልም።


የአራዳዋ | እሑድ፣ 4:32

ነበርኩ። ሁለተኛ ረድፍ። በእናትየዋ ዘፈን ያለቀስኩት እኔ ብቻ ከሆንኩ ንገሩኝና ልፈር።


ቁስቋም ሰፈር | እሑድ፣ 4:35

እህት ዓለም፣ ጨለማ ነበር፤ ማን ማንን አየ።


አዘዞ ነኝ | እሑድ፣ 5:01

እኔ ወረቀቱን አይቼ የቀረሁት በመመለሻ ነው። ከመሸ አዘዞ ድረስ ኮንትራት ካልሆነ ማን ይወስድሃል? ኮንትራቱ ደግሞ ከመግቢያው ይበልጣል። 10 ሰዓት ላይ ቢጀምሩት ምናለበት? ሙዚቃ የግድ ካልጨለመ አይሰማም እንዴ? (ትናንት ለካ ጨለማው ነው ያዳነው። ይቅርታ፣ ሐሳቤን አንስቻለሁ።)


ማራኪ 3 | እሑድ፣ 5:20

ሁሉም ካጨበጨበ እኔ ልቃወም። 200 ብር ከፍዬ ጨለማ ውስጥ ማሲንቆ ለመስማት አዝማሪ ቤት መሄድ አይሻለኝም ነበር? እዚያ ቢያንስ ወንበሩ ይመቻል። «የራሳችን ሥራ» ብለው ጠሩን፣ ምሽቱን ያዳነው ግን አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። እንግዲህ ጊታሩ ምን ሊሠራ መጣ?


ስድስት ክር | እሑድ፣ 6:15

ወንድሜ ቁስቋም፣ በግማሹ እስማማለሁ። ማራኪ፣ ባንተ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኔ ጊታር እነካካለሁ። ልጆቹን በዓይን አውቃቸዋለሁ፣ ዘመድ አይደሉም። የትናንቱ ችግር የድምፁ መብዛት ብቻ አይደለም። የእናትየዋ ዘፈን ቅኝቱ ሙሉ ትዝታ ነው። እሱ ላይ ጊታር አይቸገርም። አምስት ድምፅ ናቸው፤ ከዶ ብትነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከነዚህ ዶ ሚ ሶልን ስትይዝ አንድ ኮርድ፣ ላ ዶ ሚን ስትይዝ ሌላ። ሁለቱን እያፈራረቅህ ታመሻለህ፣ ማንም አይከስህም።

ሦስተኛው ዘፈን ግን ቅኝቱ አንቺሆዬ ነበር። አንቺሆዬም አምስት ድምፅ ነው። ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ ተጣብቀው ነው የሚቆሙት፤ በጊታር አንገት ላይ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚለያያቸው። እዚያ ላይ ከመጽሐፍ የተማርከውን ኮርድ ስትጥልበት ከዜማው ጋር ይጣላል። ጊታሪስቱ ያን ጊዜ ምን አደረገ? ድምፁን ጨመረው። አልፈርድበትም። ሁላችንም መንገዱ ሲጠፋን እንጮሃለን።

ደግሞ ማሲንቆ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ ብረት የተደረደረበት አይደለም። አንዲት የፈረስ ጭራ ናት ያለችው፣ ጣትህ ያረፈበት ነው ድምፁ። ልጁ በአንቺሆዬው አንዳንዷን ድምፅ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ ያደርጋታል። ጊታሩ ብረቱ ባለበት ይቆማል። ሁለቱ አንድ ዜማ አብረው ሲሄዱ ያ የሰማችሁት መፋጨት ይመጣል። ስለዚህ የኔ ምክር «ቀንሱት» አይደለም። አንቺሆዬው ላይ ጊታሩ ዜማውን ይተውለት። አንድ ድምፅ ይዞ ከሥር ይቆይለት። አለቀ።

ጊታሩ ምን ሊሠራ መጣ ላልከው፣ ሁለተኛውን ዘፈን ያለ ጊታሩ መግቢያ አስበው እስቲ። በጨለማውም ሰዉ ያንን መግቢያ በአፉ ሲያንጎራጉር ነበር። አልሰማህም?


ማራኪ 3 | እሑድ፣ 6:22

ሰምቻለሁ። እኔም አንጎራጉሬያለሁ። ነጥቡ ግን ነጥብ ነው።


ሚክሰር | እሑድ፣ 7:40

በሙያዬ ገባችሁ፣ እንግዲህ ቻሉኝ። የድምፅ ሥራ ነው የምሠራው፤ የትናንቱ ግን የኔ አይደለም።

ያ ፉጨት ከየት እንደመጣ ከበሩ እንደገባሁ ገብቶኛል። ስፒከሮቹን ከተጫዋቾቹ ኋላ ነበር የተከሏቸው፣ ወደ ሰው አዙረው። ማሲንቆ ሆዱ ቆዳ ነው። ስፒከሩ ከጀርባ ሲመታው ቆዳው ይነዝራል፤ ያ የተለጠፈው ነገር ንዝረቱን ለቅሞ ወደ ሚክሰር ይልካል፤ ሚክሰሩ ወደ ስፒከር፤ ስፒከሩ እንደገና ወደ ቆዳው። ዑደት ነው። ከበሮም ላይ ማይክ ስታስጠጋ ይኸው ነው።

ስፒከሩን ከተጫዋቾቹ ፊት አውጡት። ማሲንቆው ላይ የሥሩን ድምፅ በኢኮላይዘር ቁረጡት፤ እዚያ ታች ምንም የሚፈለግ ነገር የለውም። ከዚያ የምታፏጨዋን ድምፅ ፈልጋችሁ እሷን ብቻ ቀንሱ። ለዘፋኟ ደግሞ ራሷን የምትሰማበት ሞኒተር አድርጉላት። ራሷን ስላልሰማች ነው የጮኸችው፣ ስትጮህ ነው ቃሉ የጠፋው። ያችን በምታህል ክፍል ውስጥ ድራሙ ማይክ አያስፈልገውም። ፈጽሞ።


የኪነት ዘመን | እሑድ፣ 8:55

ልጆቼ፣ እኔ አልሄድኩም። ጉልበቴ ፎቅ አይወጣም። ይህን ሳነብ ግን ቡናዬ ቀዘቀዘ።

በ1970ዎቹ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። እኔ አኮርዲዮን እጫወት ነበር። ቆንጆ ጊዜ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ልብሱ ነበር፣ መሣሪያው ነበር፣ ተመልካቹ ነበር። የምንዘፍነው ግን ግጥሙ ቀድሞ የታየ ነው። ከታየው ውጭ አንዲት ቃል አትገባም። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ስንኝ ጠፋብኝና ከራሴ አንድ ጨመርኩ። ምንም ክፉ ነገር የለውም፣ ስለ ዝናብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ አንድ ከበር የቆመ ሰው «ተቀበል» ብሎ ያሻውን ሲሰጥ፣ ማሲንቆውም ሲቀበለው፣ እኔ የምሰማው ከእናንተ ለየት ያለ ነው።

ሌላም ልበል። አዝማሪ የሚለው ቃል በእኛ ጊዜ ስድብ ነበር። የሰው ልጅ ማሲንቆ ሲነካ እናቱ «ልታዋርደኝ ነው» ብላ ታለቅስ ነበር። በሠርጓ ግን ያለ አዝማሪ አይሆንላትም። ይህን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። ያ ቀጭኑ ልጅ የማን ልጅ ነው? ከአዝማሪዎቹ መንደር፣ ከቡርባክስ ወገን ይሆን?


የአራዳዋ | እሑድ፣ 9:10

ጋሼ፣ እርስዎ ከጻፉ እኛ ምን እንላለን። የዝናቡን ስንኝ ያስታውሱታል?


የኪነት ዘመን | እሑድ፣ 9:14

አስታውሰዋለሁ። አልነግርሽም። ልማድ ሆኖብኛል።


ዓባይ ማዶ | እሑድ፣ 10:30

ከባህር ዳር ነኝ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለን፣ ወሬያችሁ ግን በአንድ ቀን ደረሰ። እንዲህ ያሉ ልጆች እኛም ጋ አሉ። ትንሽ ስማቸው ሲነሳ ግን ቦርሳቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ። አስቴር አወቀ ጎንደር ተወለደች ትላላችሁ፤ ያደገችው የት ነው? እነዚህም ዓመት ሳይሞላ ሸገር ናቸው፣ ምን አለ በሉኝ።

ደግሞ ይህን የራስን ዘፈን በራስ መሥራት፣ «ኢንዲ» የሚሉትን፣ በአማርኛ ምን እንበለው?


ስድስት ክር | እሑድ፣ 10:41

ሙዚቀኛው እርስ በርሱ «የራስ ሥራ» ነው የሚለው። «ከቨር ነው የራስ ሥራ?» ይባላል።


ማራኪ 3 | እሑድ፣ 10:44

«ራስ ገዝ ሙዚቃ»።


ቁስቋም ሰፈር | እሑድ፣ 10:45

ማራኪ፣ በሞቴ፣ ይሄን ክር አታዘጋብኝ።


ቅኔ ዘራፊ | እሑድ፣ ማታ 1:20

ሁላችሁ ስለ ስፒከር አወራችሁ፣ ግጥሙን የነካው የለም። እንግዲህ እኔ ልግባ።

የማሲንቆው ስንኝ ሰሙ ግልጽ ነው፤ መብራት ሄደ፣ ሰው ተንጫጫ። «በራልኝ» የሚለው ላይ ነው ወርቁ ያለው። ከሄደች ወዲህ ልቡም ቤቱም አልበራም። ጥሩ ነው፣ ግን እንዲህ ያለው ከአዝማሪ ይጠበቃል። መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ይወጣዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ልምምድ አላጣም።

እኔን ያስቀመጠኝ የበሩ ሰውዬ ነው። «ማሲንቆ ግን መጣ ፈረሱን አስከትሎ»። መጀመሪያ ሰም ብቻ መስሎኝ ነበር። ቆይታችሁ እዩት። በወጉ ፈረስ ነው ቀድሞ የሚሄደው፣ ጭራው ከኋላ ይከተላል። ማሲንቆ ላይ ያለው ግን ጭራው ብቻ ነው። ጭራው ቀድሞ መጣ፣ ፈረሱን አስከተለ። የኋላው ፊት ሆነ! ከዚያ ደግሞ መድረኩን አስቡት፤ እስከዚያ ድረስ ማሲንቆው ከጊታሩ ኋላ ነበር የቆመው። ይህን በጨለማ፣ በቆመበት፣ በአንድ ትንፋሽ ያወጣ ሰው ማን ነው? እኔ ቆሎ ተማሪ ሆኜ አንድ ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ለመቁጠር ስንት ቀን ፈጅቶብኛል።


የአራዳዋ | እሑድ፣ 1:31

ኧረ ጉድ። አሁን ነው የገባኝ።


ማራኪ 3 | እሑድ፣ 1:40

ሰውዬው ይህን ሁሉ አስቦ ነው እያልክ ነው? «ተነቅሎ» ካለ በኋላ «አስከትሎ» ቤት ስለመታለት ቢሆንስ?


ቅኔ ዘራፊ | እሑድ፣ 1:43

ቤት ሲመታ ሐሳብ ይመጣል፣ ሐሳብ ሲመጣ ቤት ይመታል። የቱ እንደቀደመ የኔታም አልነገሩኝም።


ከበሮ መቺው | ሰኞ፣ ጠዋት 3:05

ሰላም ለሁላችሁ። የባንዱ ድራመር ነኝ። ትናንት ሠርግ ላይ ስለነበርን (አዎ፣ የታወቀውን ተጫወትን) አሁን ነው ያየሁት። ሁሉንም አንብቤ ለልጆቹም አስነብቤያለሁ። ጊታሪስታችን የአንቺሆዬውን ሲያነብ መልስ አልሰጠም፤ ጊታሩን ይዞ ውጭ ወጣ። ከሰዓት በኋላ «ልክ ነው» ይላል ብዬ አስባለሁ።

ሚክሰር፣ ወንድሜ፣ ስፒከሩን ኋላ የተከልነው ቦታ ስለጠበበ ነው። ፊት ካደረግነው ሦስት ወንበር ይነሳል። ሦስት ወንበር 600 ብር ነው። ሒሳቡን ልንገራችሁ፣ ሚስጥር አይደለም። ከፍሎ የገባው 58 ሰው ነው፤ የቀራችሁት ዘመድ ናችሁ። 11,600 ብር። የድምፅ መሣሪያ ኪራይ 6,000። የተቀደደች የድራም ቆዳ 1,500። ድራሙን ለማመላለስ ባጃጅ ሁለት ምልልስ 600፤ እሱም 800 ብሎ ተከራክረን ነው። ቀሪው 3,500 ለአምስት። 700፣ 700 ደረሰን። ቤቱ ኪራይ አልጠየቀንም፣ ከመጠጡ ያገኛል። ለስላሳውንም የቻለው እሱ ነው።

በጨለማው ለማሲንቆው የተሸለመው ግን 2,300 ብር ነው! ልጁ «የሁላችንም ነው» ብሎ አካፈለን፣ 460፣ 460። እንግዲህ ሰዉ በፈቃዱ የሰጠው ይህን ያህል ከሆነ ስለ መግቢያውም ማሰብ አለብን መሰለኝ።

ጋሼ፣ ልጁ ከቡርባክስ ወገን ነው፣ በአባቱ በኩል። እኔና እሱ መድረክ ላይ የምንነጋገረውን ሰምታችሁ ከሆነ፣ እሷ የአዝማሪዎች የራሳቸው ቋንቋ ናት። ጥቂት ቃል አስተምሮኛል፤ «ፍጠን»፣ «ያ ሰውዬ ሊሸልም ነው» ዓይነት። ከዚህ በላይ ብነግራችሁ ይገድለኛል። አዝማሪ ስለመባል ጠየቅኩት። «ይበሉኝ፣ ሲሉኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አያድርጉ» አለ።

የእናትየዋን ዘፈን የጻፈችው ዘፋኛችን ናት። ሰው ግጥሙን እንዳልሰማ ስታውቅ ከፋት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ አንድ ጊዜ ልንደግመው ነው። ድራሙን ቤት ትቼ ከበሮ ብቻ ይዤ እመጣለሁ። እንዲያ ከሆነ 10 ሰዓትም ይቻላል፣ የአዘዞው።

አሁን የኛም ጥያቄ ያው የእናንተው ነው። ያ የበሩ ሰው ማን ነው? ስንኙን ዘፈን ውስጥ ልናስገባት እንፈልጋለን። አንድ ልጅ በስልኩ ቀርጿታል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ፊቱ አይታይም።


ሕግ ሦስተኛ ዓመት | ሰኞ፣ 4:12

ሳትጠይቁ እንዳታስገቡ! የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ነው፣ በኋላ በ872/2007 ተሻሽሏል። ሥራው ለመጠበቅ መመዝገብ የግድ አይደለም። ወጥ ሥራ መሆን አለበት፣ ደግሞ በሆነ ነገር ላይ የሰፈረ ወይም የተቀረጸ። አፍ ላይ የቀረ ቢሆን አከራካሪ ነበር። ያ ልጅ በስልኩ ስለቀረጸው ግን ሰውዬው በደንብ ይዟችኋል። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።


ማራኪ 3 | ሰኞ፣ 4:15

ሁለት መስመር ግጥም በጽሑፍ ውል! አይ ጎንደር።


የኪነት ዘመን | ሰኞ፣ 4:40

ልጁ ልክ ነው፣ ማራኪ። በእኛ ጊዜ ስንት ግጥም የሰጠ ሰው ነበር፣ ዛሬ «ሕዝባዊ» ተብሎ ይዘፈናል። ሰዎቹን በስም አውቃቸው ነበር እኮ።


ባለ ባጃጅ | ሰኞ፣ ማታ 2:50

ሰላም። እንግዳ ነኝ እዚህ። አንድ ደንበኛዬ ከኋላ ተቀምጣ ይህን ጮክ ብላ ስታነብ ሰምቼ ነው የገባሁት።

ግጥሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልገባ አልነበረም። ሒሳቤን ልቀበል ወጥቼ «ትንሽ ጠብቅ» ተባልኩ። እየጠበቅኩ መብራት ሄደ። ወዲያው የጠፋሁት ባጃጁን ከታች ሳልቆልፍ ስለተውኩት ነው።

ቅኔ ያለውን ወንድሜን፣ እኔ ያን ሁሉ አላሰብኩም። ማሲንቆውን ሳይ ያሰብኩት አያቴን ነው። ፈረስ ነበራቸው። ሲሞት ጭራውን ቆርጠው ለአንድ አዝማሪ ሰጡት። ልጅ ሆኜ ያ አዝማሪ ወደ መንደራችን በመጣ ቁጥር አያቴ «ፈረሴ መጣ» ይሉ ነበር። እሱ ትዝ አለኝና አልኩት።


ቅኔ ዘራፊ | ሰኞ፣ 2:58

እኔ ዝም ብያለሁ።


ከበሮ መቺው | ሰኞ፣ 3:04

ወንድም ዓለም! አንተ ነህ እንዴ 800 ያልከን?


ባለ ባጃጅ | ሰኞ፣ 3:06

እኔ ነኝ። 800 ነበር የሚገባው። ያ ድራም ያጣመመው የጎን ብረት እስካሁን አልቃናም።


ከበሮ መቺው | ሰኞ፣ 3:09

ስንኟን ስጠን። በስምህ እናስቀምጣለን፣ እንፈርማለን፣ ከምናገኘውም ድርሻህን እንሰጥሃለን። የአያትህንም ፈረስ እናነሳለን።


ባለ ባጃጅ | ሰኞ፣ 3:17

ስሜን ተዉት፣ «የባጃጁ ልጅ» በሉ ይበቃል። የፈረሱ ስም ግን ዳማ ነው፣ እሱን ጻፉልኝ። ድርሻውን ስታገኙ እናወራለን። ለአሁኑ የምጠይቀው አንድ ነው። በሚቀጥለው ከበሮዋን ብቻ ነው የምትይዘው ብለሃል አይደል? አንድ ምልልስ፣ 400 ብር፣ ክርክር የለም። ደግሞ ቆልፌ ነው የምገባው፣ ከፊት ወንበር ያዙልኝ።


ሕግ ሦስተኛ ዓመት | ሰኞ፣ 3:20

ይህም በጽሑፍ ይሁን።